ስለ ልብ ደጆችና ደጁ ስለ ታደሰለት ሰው አኗኗር
(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)



በአማርኛ ቋንቋ ከልብ ጋራ ያልተያያዘ የሰው ጠባይ ጥቂት ነው። ቅን የሆነውን ልበ ቅን፥ ምክር የማይገባውን ልበ ደንዳና፥ ታጋሹን ልበ ሰፊ፥ ደፋሩን ልበ ሙሉ ይሉታል። የዛሬው ንግግር ግን ስለዚያ ልብ አይደለም። በደረት ውስጥ ሆኖ ሌሊትና ቀን ያለ ዕረፍት ስለሚሠራው ስለ ሥጋው ልብ ነው። ይኸውም ስለ ልብ ደጆች፥ ደጆቹም ሲበላሹ ሐኪሞች ስለሚያደርጉት ነገር፥ ይልቁንም ደጁ በኦፕራሲዮን ተለውጦለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው እንዴት ሊኖር እንደሚገባው ነው።

ይህ ነገር የሐኪም ቤት ነገር ነውና በደብር ጉባኤ መነገሩ ስለ ምን ነው የሚል ቢኖር መልሱ ይህ ነው። ኦፕራሲዮኑ በሐኪም እጅ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን ግን በቤተ ሰብ፥ በጎረቤትና በንስሐ አባት መካከል ያልፋል። ስለዚህ ሐኪም በብዙ ድካም ያዳነውን ሰው፥ የሚወደው ነገር ግን ያላወቀ ወዳጅ ሊያጠፋው ይችላል። እንዲሁም ያወቀ ወዳጅ ዕድሜውን ሊያረዝምለት ይችላል። ደግሞም በሀብታሞቹ አገሮች የልብ ደጅ የሚለወጥላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ሲሆኑ፥ በኢትዮጵያ ግን ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ተማሪ፥ ዲያቆን፥ አራሽ፥ ልጅዋን የምታጠባ እናት ይሆናሉ። ገና ብዙ ዘመን የሚጠብቃቸው ናቸውና አኗኗራቸውን ማወቅ ለሁሉ ይገባል።

ልብ መጠኑ የሰው ጭብጥ የሚያህል፥ ክብደቱም 300 ግራም ያህል የሆነ ሥጋ ነው። ነገር ግን ባንድ ቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ሰውየው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ እንኳ ባንድ ደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። በውስጡ አራት ክፍሎችና አራት ደጆች አሉት። ሐኪሞች ደጆቹን ቫልቭ ይሏቸዋል። የደጆቹም ሥራ ደም ወደ ፊት እንዲያልፍ መከፈት፥ ካለፈም በኋላ ወደ ኋላ እንዳይመለስ መዘጋት ነው። ከአራቱ አንዱ በግራ በኩል ያለው ሚትራል ይባላል። ይህም ስም የወጣለት የላቲን ጳጳሳት በራሳቸው ላይ የሚደፉትን ባለሁለት ጫፍ ቆብ ስለሚመስል ነው። ደም ከልብ ወደ ሰውነት ሁሉ የሚወጣበት ደግሞ የአዎርታ ደጅ ይባላል። ከሁሉ ይልቅ የሚበላሹትና የሚለወጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ደጅ በሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ጠቦ አልከፈት ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ደም እንደ ልቡ አያልፍም። ሁለተኛው ላልቶ አልዘጋ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ የወጣው ደም ተመልሶ ይገባል። በሁለቱም ልብ ከልክ በላይ ይደክማል። በሽተኛውም ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በጀርባው መተኛት ተስኖት ትራስ ደራርቦ ያድራል፤ እግሩ ያብጣል። ሕፃን እንደ ሆነ ጓደኞቹ ሲሮጡ እርሱ ቁጭ ብሎ ያያል። ሰውም ሰነፍ ነው ይለዋል፤ ነገሩ ግን ስንፍና ሳይሆን ሕመም ነው።

ይህ ብልሽት በኢትዮጵያ ከምን ይመጣል ቢሉ፥ ብዙውን ጊዜ መነሻው የሕፃን ጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የምትባል በዐይን የማትታይ ተውሳክ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ጉሮሮ ላይ ትወጣለች። ብዙ ሰው ባንድ ጠባብ ቤት በሚያድርበት ስፍራም ካንዱ ወዳንዱ ቶሎ ትተላለፋለች። የጉሮሮው ሕመም በጥቂት ቀን ይሽራል። ነገር ግን በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ በአንዳንዱ ልጅ ላይ ትኩሳትና ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዛወር የመገጣጠሚያ ሕመም ይነሣበታል። ምክንያቱም ሰውነት ተውሳኳን ለመውጋት ያሰለፈው ኃይል ተሳስቶ የራሱን ልብ ይወጋልና ነው። የመገጣጠሚያው ሕመም ያልፋል፤ በልቡ ደጅ ላይ የቀረው ጠባሳ ግን አያልፍም። ሕመሙም ደጋግሞ በተመለሰ ቍጥር ጠባሳው እየጠነከረ ይሄዳል።

ለዚህ መከላከያው ቀላል ነው። የልጁ ጉሮሮ ታምሞ ትኩሳት ሲይዘው ወደ ሐኪም ቤት ወስዶ ማሳየት፥ ሐኪምም ፔኒሲሊን ቢያዝ ሳያጓድሉ መፈጸም ነው። እንጥልን ማስቈረጥ ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይሆንም፤ ይልቁንም ደም በማፍሰስና ቁስል በማመርቀዝ ሌላ ጥፋት ያመጣል። ሕመሙ አንድ ጊዜ የነካው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ እየተወጋ ለብዙ ዓመት መኖር ይገባዋል። መርፌው ያማል፤ ልጁም ያለቅሳል። ዳሩ ግን በመርፌ የሚለቀስ ልቅሶ ደረት ተከፍቶ ከሚለቀሰው ልቅሶ ይቀላል።

ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሐኪሞች ልብን መክፈት የማይቻል ነገር ነው ይሉ ነበር። ልብን ቢያቆሙት ሰውየው ይሞታል፤ ሳያቆሙት ቢቈርጡት ደሙ ያልቃል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው። በ1953 ዓመት ጆን ጊቦን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፥ የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራ መኪና ሠርቶ በዚያ ረዳትነት የአንዲት ወጣት ሴት ልብ ከፍቶ ጠገነ። በ1960 ዓመት ድዋይት ሃርከን በቦስተን፥ አልበርት ስታርም በፖርትላንድ ከተማ፥ የተበላሸውን ደጅ አውጥተው በስፍራው ሰው ሠራሽ ደጅ ተከሉ። ከስታር ጋራ ሆኖ ደጁን ያበጀው ሎዌል ኤድዋርድስ ሐኪም አልነበረም፤ አርጅቶ ሥራውን የተወ መሐንዲስ ነበረ እንጂ። በ2002 ዓመት ደግሞ አላን ክሪቢየ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሩአን ከተማ ደረት ሳይከፍት በደም ሥር በኩል ደጅ አስገብቶ ተከለ።

በኢትዮጵያ የሕፃናት ልብ ሐኪም የሆኑት ዶክቶር በላይ አበጋዝ በ1989 ዓመት የልብ ሕሙማን ሕፃናትን የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ፤ ሕፃናቱም ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። ኋላም በ2009 ዓመት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ተከፈተ። እንግዲህ ቀድሞ በባሕር ማዶ ብቻ ይገኝ የነበረው ሥራ ባገር ውስጥ መሠራት ጀመረ።

አዲሱ ደጅ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው እንደ ከሰል ከጠቈረ ብርቱ ነገርና ከብረት የሚሠራ ነው። ይህ ብዙ ዘመን ይቈያል፤ ነገር ግን ደም እንዳይረጋበት በሽተኛው ዕድሜውን ሁሉ መድኃኒት መውሰድ አለበት። ሁለተኛው ከእንስሳ ሥጋ፥ ይኸውም ከዐሣማ ልብ ደጅ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን የሚበጅ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ የዘወትር መድኃኒት አይሻም፤ ነገር ግን ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል አገልግሎ ያረጃል፤ በወጣት ሰው ላይም ፈጥኖ ያልቃል። የእንስሳው ሥጋ በመድኃኒት የተነከረ ሕይወት የሌለው ነገር ነውና፥ ስለ ዐሣማው የሚያዝን ሕሊና ቢኖር አስቀድሞ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋራ ይነጋገር፤ ከተተከለ በኋላ ግን በዚህ ነገር ሰውን ማሳዘን አይገባም።

ኦፕራሲዮኑ በተደረገበት ዕለት በሽተኛው ሲነቃ በጉሮሮው የመተንፈሻ ቱቦ፥ በደረቱና በእጁም ሌሎች ቱቦዎች ተተክለው ያገኛል። መናገር አይችልም። ቤተ ሰቡ ይህን አይተው ሊሞት ነው ብለው እንዳይጮኹ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል። ቱቦው ብዙ ጊዜ ባንድ ቀን ውስጥ ይወጣል። ከዚያም አስታማሚዎች ሳይውሉ ሳያድሩ ተነሥ፥ ተቀመጥ፥ ተራመድ፥ ሳል ይሉታል። ይህ ጭካኔ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ነገሩ ግን ምሕረት ነው። ያልተራመደ ሰው በእግሩ ደም ይረጋል፤ ያልሳለ ሰው በሳንባው አክታ ይከማቻልና። በሚያስልበት ጊዜ ትራስ በደረቱ ላይ አጥብቆ ቢያቅፍ ሕመሙ ይቀልለታል። ነገር ሁሉ ከተቃናም ከአንድ ሳምንት በኋላ ያህል ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አሁን ዋናው ነገር ይጀመራል። የደረቱ አጥንት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቶአል። የተሰበረ እግር በመቃ ታስሮ ይቀመጣል፤ የደረት አጥንት ግን ሰው በተነፈሰ ቍጥር ይነቃነቃል። አጥንቱ እስኪጋጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፥ እስኪጸናም እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ዘመን ውስጥ ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ማንሣት አይገባም። ይህም ማለት እንስራም ጄሪካንም አይሸከም፥ ልጅ አያቅፍ፥ እንጨት አይፍለጥ፥ በሬ አይጥመድ፥ መኪና አይንዳ ማለት ነው። ከአልጋው ሲነሣም በእጁ ተመርኵዞ ወይም ሰው እጁን ስቦት አይነሣ፤ በጎኑ ዞሮ እግሩን አስቀድሞ ያውርድና በእግሩ ኃይል ይነሣ።

በዚህ ላይ ያገር ልማድ ሊጐዳው የሚችልባቸው ነገሮች አሉ፤ ሁሉም ከፍቅር የሚመጡ ናቸውና ለመከልከል ይከብዳሉ። አንደኛ፥ ትከሻ ለትከሻ እየገጩ ሰላም መባባል ነው። ይህ አጥንቱ ላልገጠመ ሰው ሥቃይ ነውና ራስ ዝቅ አድርጎ እጅ ነሥቶ ሰላምታ መስጠት ይበቃል። ሁለተኛ፥ ዲያቆን ወይም መሪጌታ የሆነ እንደ ሆነ ከበሮ በትከሻው ማንገት፥ መቋሚያ ይዞ ማሸብሸብ፥ ረዥም ሰዓት መቆም ነው። እነዚህ ሁሉ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቈዩ፤ ማኅሌቱ በሌላው አንደበት አይጓደልም። ሦስተኛ፥ ስግደት ነው። ግንባርን ምድር አስነክቶ በእጅ ተደግፎ መነሣት ደረትን ይከፍታል። የሰሙነ ሕማማት ስግደት በዚህ ዘመን ቢደርስበት፥ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲሳለም አባቱ ይፍቀዱለት። አራተኛ፥ የጠያቂ ብዛት ነው። ቤቱ ሁልቀን በሰው ተሞልቶ በሽተኛው እንደ ሙሽራ ተቀምጦ ሲያወጋ ቢውል ይደክማል፤ ጉንፋን የያዘውም ሰው መጥቶ ያጋባበታል። ጠያቂ ጥቂት ይቀመጥ፥ ቶሎም ይሂድ። ምግብ ይዞ የመጣም ቢሆን ጨው የበዛበትንና ቅቤ የጠለቀበትን ነገር ይተው፤ ጨው ውሀ በሰውነት ውስጥ ይይዛልና ልብን ያደክማል።

መራመድ ግን አይከልከል። በመጀመሪያው ሳምንት በግቢ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ፥ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት ደጅ፥ ቀጥሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር እያለ በየቀኑ ጥቂት እየጨመረ በደልዳላ መንገድ ይሂድ። እየሄደ ማውራት ከተሳነው ፍጥነቱ በዝቶአልና ይቀንስ። አንዳንዱ በአልጋ ተኝቶ በመክረም የሚድን ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ደኅና ሆኛለሁ ብሎ ወደ ሥራው ይሮጣል። ሁለቱም ይሳሳታሉ።

ከሥጋው ድካም ጋራ የአሳብ ድካምም ይመጣል። ብዙ ሰው ከልብ ኦፕራሲዮን በኋላ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ክፉ ሕልም ያያል፤ ምግብ ይጠላል፤ ማንበብና ነገር ማስታወስ ያቅተዋል። ለነፍሱ የተደረገለትን ያላመሰገነ መስሎት ደግሞ በዚሁ ላይ ያፍራል። ይህ የእምነት ጉድለት ሳይሆን ሰውነት ከታላቅ ጉዳት ሲመለስ የሚያልፍበት መንገድ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ አንተ እኮ ድነሃል፥ ምን ያስለቅስሃል ብሎ መገሠጽ አይገባም፤ አጠገቡ ተቀምጦ መስማት ይሻላል። ኀዘኑ ቢጸናና ቢሰነብት ግን ለሐኪም ይነገር።

የብረቱ ደጅ የተተከለለት ሰው ሌላም ነገር ይሰማል። ደጁ በተዘጋ ቍጥር እንደ ሰዓት ቅጭ ቅጭ ይላል፤ ሌሊት ጸጥ ሲል አጠገቡ የተኛው ሰው እንኳ ሊሰማው ይችላል። በመጀመሪያ ያስጨንቃል፤ እየቈየ ግን ይለመዳል። የደጁ ድምፅ ደጁ እየሠራ መሆኑን ይነግራል። ቀድሞ የሚሰማው ድምፅ ድንገት ቢጠፋ ወይም ቢታፈን ግን ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

እነሆ፥ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር የመድኃኒቱ ነገር ነው። ደም በባዕድ ነገር ላይ ሲደርስ መርጋት ይወዳል። በብረቱ ደጅ ላይ ደም ቢረጋ ደጁን አስሮ ሰውን ይገድላል፤ ወይም የረጋው ደም ተቈርሶ ወደ አንጎል ሄዶ ግማሽ አካልን ያደርቃል፥ አንደበትንም ይዘጋል። ይህን የሚከላከለው ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ነው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ለቅኔ ተማሪ ደስ የሚያሰኝ ነው። ከ1920 ዓመት በኋላ በሰሜን አሜሪካና በካናዳ ማገጥ የሚመስል የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ይሞቱ ጀመር። በ1933 ዓመት አንድ አራሽ የሞተች ጊደርና በወተት ዕቃ የተሞላ ያልረጋ ደም ይዞ ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መጣ። ካርል ሊንክ የተባለው ሊቅና ረዳቶቹ ብዙ ዓመት መርምረው ደሙን ያቀጠነውን ነገር ለይተው አገኙ። ከዚያው ወገን የሆነው ዋርፋሪን በ1948 ዓመት ለአይጥ መግደያ ተሸጠ፤ በ1954 ዓመት ደግሞ ለሰው መድኃኒት ሆነ። ሰሙ መርዝ፥ ወርቁ ሕይወት ማለት ይህ ነው። ሰሙን ከወርቁ የሚለየውም ልኩ ብቻ ነው። ቢያንስ ደም ይረጋል፤ ቢበዛ ደም ይፈሳል።

ስለዚህ ልኩን ለማወቅ ደም ይመረመራል። የምርመራው ስም አይ ኤን አር ነው። መድኃኒት በማይወስድ ጤነኛ ሰው ቍጥሩ 1 ያህል ነው። የአዎርታ ደጁ በብረት የተለወጠለት ሰው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3፥ ሚትራሉ የተለወጠለት ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። የየሰውየውን ልክ ግን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በሽተኛውም ቍጥሩን እንደ ክርስትና ስሙ ይወቀው፤ በየምርመራውም ቀኑን፥ ቍጥሩንና የኪኒኑን ልክ በደብተር ይጻፍ። መጻፍ የማይችል ቢሆን ተማሪ ልጁ ይጻፍለት።

የመድኃኒቱም ሥርዓት እንዲህ ነው። በየቀኑ ባንድ ሰዓት፥ ለምሳሌ ማታ በ12 ሰዓት ይወሰድ። ቢረሳና በዚያው ቀን ቢያስታውስ ይውሰደው፤ ቀኑ ካለፈ ግን የትላንቱን ከዛሬው ጋራ ደርቦ አይውሰድ። ኪኒኑ ሳያልቅ አስቀድሞ ይገዛ። ወደ ገጠር ወይም ወደ ንግሥ በዓል የሚሄድ ሰው ከስንቁ በፊት መድኃኒቱን ይያዝ። አስፒሪንና የመሳሰለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይዋጥ። ሥር ማሽ የሚሰጠውን ሥርና ቅጠል፥ የሚጠጣም ሆነ የሚታጠን፥ ሳይጠይቅ አይውሰድ፤ አንዳንዱ ከመድኃኒቱ ጋራ ይጣላልና። አረቄና ጠጅም ልኩን ያዛባሉ።

ጎመን ደግሞ ልዩ ነገር አለው። ጎመንና ሌላው አረንጓዴ ቅጠል ደምን የሚያረጋ ቪታሚን ስላለበት የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ይህ ማለት ጎመን ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ሳምንት ምንም ሳይበሉ ቈይቶ በሌላው ሳምንት ሁልቀን መብላት ክፉ ነው ማለት ነው። በዐቢይ ጾም ሰው ሥጋና ቅቤ ትቶ ጎመን ሲያበዛ፥ በትንሣኤም መልሶ ጎመኑን ሲተው ቍጥሩ ይወርዳል፥ ይወጣልም። ስለዚህ ጾሙ ሲገባና ሲፈታ ደሙን ያስመርምር፤ ጎመኑንም ዓመቱን ሁሉ በልክ ይብላ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አጥንቱና ቁስሉ እስኪጠገን የሚያስፈልገውን ምግብ ይብላ፤ የታመመ ሰው በንስሐ አባቱ ፈቃድ ከጾም እንዲያርፍ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይፈቅዳልና።

በዚህ ስፍራ ካህናት አባቶች ሊያስተውሉት የሚገባ ብርቱ ነገር አለ። ደኅና የሆነ የሚመስለው ሰው፥ ትንፋሹ ተመልሶ፥ እግሩ ጐድሎ፥ ሰውነቱ ወዝ አግኝቶ ሳለ፥ እንግዲህ ድኛለሁ ብሎ መድኃኒቱን የሚተውበት ጊዜ ይመጣል። አንዳንዱም ወደ ጠበል ሄዶ ኪኒኑን መቀጠል ማመንታት መስሎ ስለሚታየው ይጥለዋል። ደም ግን በዝምታ ይረጋል፤ ሲረጋም አይነግርም። የተጣለው ኪኒን ዋጋው ጥቂት ነው፤ የሚመጣው ግን ሞት ወይም የዕድሜ ልክ አልጋ ነው። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 ዓመት ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ፥ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል አስተምረው ነበር። ያ ትምህርት ለልብ በሽተኛም ይሠራል። ጠበሉን ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም ይዋጥ። በቅዱስ ቍርባን ምክንያት ሰዓቱ የሚያስቸግረው ሰው ቢኖር፥ ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋራ ተማክሮ ሰዓቱን ያሸጋሽግ እንጂ ቀኑን አይዝለል። አባት ለልጁ ኪኒንህን ወሰድህ ወይ ብሎ ቢጠይቀው ከቀኖናው እንደ አንዱ አድርጎ ይጠብቀዋል።

ሴቶችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ዋርፋሪን በማኅፀን ያለውን ፅንስ ሊጐዳ ይችላል፤ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ መተው ደግሞ እናቲቱን ይገድላል። እርግዝናም ራሱ የደምን መርጋት ይጨምራል። ስለዚህ ደጅዋ ከመለወጡ በፊት ልትወልድ የምትሻ ሴት አሳብዋን ለሐኪሙ ትንገር፤ የደጁም ዐይነት ይህን ታስቦ ይመረጣል። ደጅዋ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ ከመፀነስዋ በፊት፥ ሳታስበው ፀንሳ እንደ ሆነም ባወቀችበት ቀን ሐኪም ታማክር። ባልና አማት ለምን አትወልጅም እያሉ የሚያስጨንቋት ቢኖሩ፥ የሚጠይቋት በሕይወትዋ መሆኑን ይወቁ።

ሌላው ጥንቃቄ የጥርስ ነገር ነው። ከተበላሸ ጥርስ የሚነሣ ተውሳክ በደም ሄዶ በአዲሱ ደጅ ላይ ሊሰፍር ይችላል፤ ከሰፈረም ማውጣቱ እጅግ ጭንቅ ነው። ስለዚህ ጥርሱን በየቀኑ ያጽዳ፤ ጥርስ ሲነቀልም ልቡ ሰው ሠራሽ ደጅ እንዳለበት አስቀድሞ ይንገር፥ ከመነቀሉ በፊት የሚወሰድ መድኃኒት አለና። ሕመሙ ከጉሮሮ የመጣበት ሰው ደጁ ቢለወጥም የፔኒሲሊን መርፌውን ሐኪም ተው እስኪለው አያቋርጥ፤ ሌሎቹ ደጆች ገና የራሱ ናቸውና።

ከዚህም ሁሉ ጋራ ቤተ ሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ የአደጋ ምልክቶች አሉ። ትኩሳት ሲመጣ፤ የደረቱ ቁስል ሲቀላ ወይም መግል ሲያወጣ፤ አጥንቱ ሲንቋቋ፤ እግር ሲያብጥ፥ በሁለትና በሦስት ቀንም ክብደቱ ድንገት ሲጨምር፤ ልብ ሥርዓቱን ትቶ ሲንቀጠቀጥ፤ ሽንት ሲቀላ፥ ዐይነ ምድርም ሲጠቍር፤ ነስር አልቆም ሲል፤ ራሱ በብርቱ ሲመታ፤ ፊት ወዳንድ ወገን ሲጣመም፥ እጅ ሲዝል፥ አንደበት ሲተሳሰር፤ በዚህ ጊዜ ነገ እናያለን ማለት አይገባም። ቡዳ በላው፥ ምች መታው እያሉ መከራከርም ሰዓቱን ያሳልፋል። ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ የመድኃኒቱም ደብተር አብሮ ይያዝ።

ደጁ የታደሰለት ሰው እንዲህ ተጠብቆ ከኖረ፥ ሐኪሙ በፈቀደለት መጠን ያርሳል፥ ያስተምራል፥ ይቀድሳል፥ ልጁን ያሳድጋል። ነገር ግን እንዳልታመመ ሰው ሆነ አይባልም፤ ጥበቃ የሚሻ ሰው ሆነ ይባላል። የቀድሞ ሕመሙ ሳይወድ የታሰረበት ነበረ፤ የአሁኑ ጥንቃቄ ግን ወድዶ የሚሸከመው ነው።

እንግዲህ በዚህ ደብር አጥቢያ የልቡ ደጅ የተለወጠለት ወንድም ወይም የተለወጠላት እኅት ቢገኙ፥ ጎረቤት ውሀውን ይቅዳላቸው፥ ማኅበሩ የምርመራቸውን ቀን ያስታውሳቸው፥ የመንገድ ገንዘብ ቢያጡ ይርዳቸው፥ አባትም ስለ ኪኒናቸው ይጠይቃቸው። በየቤቱ ደግሞ ጉሮሮውን የሚያመው ሕፃን ቢኖር ዛሬውኑ ለሐኪም ይታይ።